ዘጠኝ ነጥብ

ገላን፣ ፋብሪካው በር ላይ፣ ማስታወቂያ አነባለሁ፤
ዝናብ የላጠውን ቃል በግምት እሞላለሁ።
«ሹፌር፣ ብዛት ሁለት። ልምድ፣ ስድስት ዓመት።
መንጃ ፈቃድ፣ ደረቅ ሦስት።
የጥፋት ነጥብ» ይልና፣
ያልተላጠች አንዲት ቃል፤ «የሌለበት»።

ድሮ ማትሪክ ሲወጣ፣
ሁለት ነጥብ ጎደለኝ፣ ስሜ ሳይለጠፍ ወጣ።
አባቴ «ነጥብ ያጣ ሰው መሪ ይያዝ» አለ፤
ወይፈኑን ሸጠና ማሰልጠኛ ከፈለ።
ያኔ አንሶኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ በዛ፤
ነጥብ የሚሉት ነገር መች በልክ ተገዛ?

ጥበቃው ጋሽ ሌንጂሳ በአገጩ አሳለፈኝ።
ጭቃዬን አራግፌ ገባሁ።
«ስም?»
«ገረመው ዳምጤ።»
ልጅቷ ቁልፎቹን ቀጨቀጨች፣ ጠበቀች፣
«ዘጠኝ ነጥብ አለብዎት» አለች፣ ቀና ሳትል፣
ደም ግፊት ለክቶ እንደሚናገር ሐኪም፣
ሳትቆጣ፣ ሳታባብል።

ልንገራት ይሆን?
ሁለቱ የስልክ ናቸው፤ አዋላጇ ደውላ፣
«ደም ያስፈልጋታል፣ ቶሎ ድረስ» ብላ።
ልጁ አሁን ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሯል፤
አባቱ ደግሞ የሰው በር ይዞ።

ሦስቱ የፍጥነት ናቸው፤ የአሸዋው ጌታ፣ አቶ ምንውዬለት፣
«ሳይመሽ አራት ምልልስ፣ አለዚያ ቁልፌን መልስ» ብሎ፣
ትርፉ በእሱ ደብተር፣ ነጥቡ በእኔ ካርድ ውሎ።
እሱ ዛሬም አለ፣ ሌላ ሲኖትራክ ገዝቶ፤
ሹፌር ይፈልጋል አሉ፣
ነጥብ ያልነጠበበት፣ ካርዱ እንደ ወተት ነጥቶ።

አንዱ የቀበቶ ነው፤ ማሰሪያው የተቀደደ፣
ሊሰፋልኝ የቀጠረኝ ጫማ ሰፊ ለቅሶ ሄደ።

የቀሩት ሦስቱ የመቆም ናቸው፣ ክልክል ቦታ፤
አቃቂ ድልድይ ጥግ፣ በረዶ ሲወርድ ማታ፣
አንዲት ሴት ሳፋ ራሷ ላይ ደፍታ፣
ከሳፋው ሥር ሕፃን።
በምን አንጀቴ ልለፋት?
ትራፊኩ «ደግ ሠራህ» አለኝ፣ እስክሪብቶውን እየነቀነቀ፣
«ለደግነት ግን ኮድ የለውም» ብሎ ጻፈ፣
ቀለሙ በዝናቡ እየለቀቀ።

ይህን ሁሉ ልዘረግፍ አፌን ስከፍት
አንዲት ጫማ ትዝ አለችኝ።
የልጅ ናት። ሰማያዊ። የግራ እግር።
ኮዬ ፈጬ መግቢያ፣ ገና ሲነጋጋ፣ ዜብራው ላይ።
ሦስተኛ ሌሊቴ ነበር ያለ እንቅልፍ።
አላየኋትም ብል ውሸት ነው፤ ዘግይቼ አየኋት።
ወደ ኋላ ዘለለች፣ ጫማዋ ጎማዬ ሥር ቀረ።
ትራፊክ አልነበረም፣ ካሜራም አልነበረ።
ወርጄ አነሳሁላት፣ እጄ አልታዘዝ እያለኝ።
ልጅቷ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ፣
«እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።
ለእኔ!

ያች ነጥብ የትም መዝገብ አልተጻፈች፤
ማታ ማታ ግን፣ መብራት ሳጠፋ፣ እሷ ናት የምትበራው፤
ዘጠኙ ቢደመር ሚዛኗን አያነሳው።

«ሌላ የሚጨምሩት አለ?»
ነበረ።
«የለም» አልኩ።
«እንግዲህ ነጥቡ ሲነሳልዎት ይመለሱ።»
ትምህርት ቤት ሳለን፣ አራት ነጥብ ሲደረግ ነገር ያበቃ ነበር፤
የእኔ ዘጠኝ ደርሶም አላበቃ።

አሁን ረዳት ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ ብሎኬት እናመላልሳለን።
ሹፌሩ ናኦድ ይባላል፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ካርዱ ነጭ።
ስልኩ ሲጮህ እኔ አነሳለሁ፣
ቀበቶ ሲረሳ እኔ እቆነጥጠዋለሁ።
ዜብራ ስንቀርብ ግን፣ አንድ ሰው ባይኖርበትም፣
ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል፣
ፍሬን በሌለበት፣ እስከ መጨረሻው።
«ምነው ጋሼ?» ይለኛል።
«ምንም። ንዳ።
ቀስ ብለህ ብቻ።»