ጠብታ

ምድር ቤት ነው ክፍሌ፣ መስኮት አልሠሩለት፤
ቤርሼባን አቧራ ቢውጣት አላይበት።
ሥራዬ መገመት ነው፦
ዛሬ የሚተከል ዘር
ከርሞ፣ በስንተኛው ወር
ስንቱን ሕዋስ ገድሎ፣ ስንቱን ምሮ እንደሚያድር።

ሰማንያ ሁለት ፍሬ፣ ከሩዝ የቀጠኑ፣
አዮዲን ቋጥረው በታይታንየም የተከደኑ፤
የሚገቡት በአባ ያየህ ገላ፣
ከፊኛው በታች፣ በመርፌ ዘለላ።

ሐኪሙ በዕብራይስጥ ሁሉን ዘረዘረ።
ለሁሉም "ቤሴደር" አሉት፣ ሳይፈሩ ሳይኮሩ፤
ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦
"በኛው ንገሪኝ ልጄ፤
ዘር ያበቅላል እንጂ እንዴት ያደርቃል?"

"ይኼኛው አይበቅልም" አልኩ፤ "እያበራ ይሞታል።
በየስልሳ ቀኑ ኃይሉ ይገመሳል፤
እኩሌታ፣ ከዚያም የእኩሌታው እኩሌታ።
ቀስ ብሎ ነው የሚሰጥ፤ ጤነኛው ፋታ
አግኝቶ ቁስሉን እንዲጠግን፤ ክፉው ግን..."
እዚህ ላይ ቀመሬ ሁልጊዜ ይንተባተባል።

አባ ያየህ ሳቁ። ሃያ ስድስት ክረምት
በአራቫ በረሃ፣ በቃሪያው ዳስ ውስጥ
የጠብታ መስኖ ዘርግተዋል በጉልበት።
"ጠብታ ነው በይኛ! ጎርፍማ አፈር ያጥባል፤
ሥሩን ፈልጎ የሚያገኝ ጠብታ ነው።
በቱቦው የትል መድኃኒት እንለቅ ነበር።
ታዲያ ጠብታው ሲሳሳ፣ አፉ ጨው ሲቋጥር፣
ከሚሞተው ይልቅ የሚፈለፈለው
የሚበዛበት ቀን አለ።
ያቺን ቀን ታውቂያታለሽ?"

አላውቃትም።
ቀመሬ ውስጥ አንዲት ፊደል ናት፣
ከማላውቃቸው ሕሙማን የተበደርኳት
አማካይ።
የአባ ያየህ ትል በአማካይ አይራባም።

ስንለያይ መመሪያውን አነበብኩ፦
"ለሁለት ወር ሕፃን አይቀፉ፤
የልጅ ልጅዎ ሁለት ክንድ ትራቅ።"
"በማን ክንድ?" አሉኝ። "በእኔ ወይስ በአቪያ?"
ለዚህም መልስ አልነበረኝም።

ሌሊቱን መስመሩን ደጋግሜ ሣልኩት፦
መቶ አርባ አምስት ግሬይ፣ ቁልቁል እየሳሳ፣
ጭራው ላይ ጨረሩ እንዲያው ሲፈስ፣ ሲባክን።
ያቺን ቀን በእርሳስ ከበብኳት፤
ላጲሱን ግን ከአጠገቤ አላራቅኩም።

በተተከለላቸው በአራተኛው ቀን
አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አየኋቸው፤
ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠዋል፣ ፀሐይ ከጀርባቸው።
አቪያ ሁለት ክንድ ርቃ፣ አስፋልቱ ላይ፣
በጥላቸው ጉልበት ቁጭ ብላለች።