ቤቱ የማን ነበር?

መብራት የለም ዛሬም። ሐምሌ ነው፣ ቅዳሜ፤
ሻማዬን ለኩሼ፣ መጽሐፌን አስቀድሜ፣
ማርቆስ ሁለትን ገለጥሁ። የማውቀው ምንባብ ነው፤
ሦስቴ የሰበክሁት፣ ሦስቴ አሜን የተባለው።

አንዴ ስለ አራቱ፣ አልጋ ተሸካሚ፤
“ወዳጅ እንዲህ ነው” አልሁ፣ “ለወዳጁ ደካሚ።”
አንዴ ስለ ሕዝቡ፣ በሩን ስለዘጋው፣
ቃል ሊሰማ መጥቶ መንገድ ስለነሳው።
አንዴ ስለ ይቅርታ፤ ያን ቀን አልቅሻለሁ
(ሰዉም አልቅሷል መሰል፣ መሐረብ አይቻለሁ)።

ነገም ይኸንኑ፣ ትንሽ አሟሙቄ፣
ከላይ ምሳሌ ጥዬ፣ ከታች ጥቅስ ፈልቅቄ፣
እሰጣለሁ ብዬ ተኛሁ ተሸፍኜ፤
የትናንቱን ወጥ ዛሬ እንደሚያሞቅ ሰው ሆኜ።

እሑድ ስብከት አበቃ። ሰዉ ወጥቶ ነጎደ፤
እንየው ብቻ ቀረ፣ ከበሩ ላይ አልሄደ።
ቆርቆሮ መቺ ነው፤ ሳሙና በር ይሠራል፤
ሰንበትም ቢሆን ኪሱ ውስጥ ምስማር ይንቋቋል።
ኮፍያውን አውልቆ፣ ጣራ ጣራ እያየ፣
“መጋቢ፣” አለኝ፣ “ልቤ አንድ ነገር ላይ ቆየ።
ያ ቤት የማን ነበር? ስሙ አልተጻፈም?”
“አልተጻፈም” አልሁት፤ “ብዙም አያስፈልግም።”
“ነድለው አወረዱት፤ እሰየው፣ ሰው ዳነ፤
ጌታም ወደ ባሕር፣ ሕዝቡም ተበተነ።
ጣራውን ማን ከደነው?”

ሳቅሁ። “እንግዲህ፣ እንየው፣ መጽሐፉ ዝም ካለ
እኔ ምን ልጨምር?” አልሁት። እሱም አለ፦
“መጽሐፉ ዝም ይበል። ዝናቡ ዝም አይልም።”
ደኅና ዋሉ ሳይለኝ ወጣ። አልተከተልሁትም።

ሌሊት ያ ቤት መጣ። ቅፍርናሆም አይደለም፣
ከቀሃ ማዶ ነው፤ ከግንቡ አይታይም።
የወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ባለ ጭቃ ግድግዳ፣
ስምንት ዓመት ሙሉ ያቀፈን እንደ እንግዳ።
አዳራሽ ሳይኖረን፣ ወንበር ሳንገዛ፣
ጓዳዋን ሞላነው፤ ሰው እንደ ጉድ በዛ።
አየር ይግባ ብለን፣ ሙቀቱ ቢያፍነን፣
ቆርቆሮዋን አነሣን፤ ጎረምሶች ነበርን።
ደረበ እዚያ ቆመ፣ በቃሬዛ የመጣው፤
ሐኪም ተስፋ ቆርጦ ከአልጋ ያስወጣው።
ዛሬም በየጉባኤው ያን ቀን እንተርካለን፤
ቀዳዳውን ስንዘል፣ ተአምሩን እንቆጥራለን።

አዳራሹ ሲሠራ፣ በመዝሙር፣ በእልልታ፣
ወጣን ከጓዳዋ፣ በሆታ፣ በደስታ።
እሷን እግሯ ያዛት፤ ዳገቱ ከበዳት፤
በስልክ ጸለይሁላት።
ስለ ጣራዋ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋት።

ሻማ ለኮስሁ ዳግም፤ ደብተሬን ሳብሁና፣
ከሦስቱ ነጥብ በታች ቦታ ነበርና፣
“ምስማር፣ ሁለት ኪሎ። ቆርቆሮ፣ ሦስት” አልሁት፤
በሠላሳ ዓመቴ ያልሰበክሁትን ጻፍሁት።

ሰኞ እንየውን ጠራሁ። ምንም አላለኝም፤
መሰላል አሸከመኝ። ከባድ ነው፤ አልዋሽም።
ያን ሁሉ አልጋ ተሸካሚ ያመሰገንሁ ሰውዬ
ቀሃ ድልድይ ሳልደርስ ዐረፍሁ፣ “ወይኔ” ብዬ።

ላስቲኩን ስንገልጠው፣ ብርሃን በወደቀበት፣
ከአልጋዋ ጎን ሳፋ፣ ግማሽ ውሃ ያለበት።
እሷ ሽቅብ አየች፣ እኔ ቁልቁል አየሁ፤
ምን ልበላት? ስብከት? አንድ ቃል አጣሁ።
“ማነው?”
“እኔ ነኝ።”
“አንተ ማን?”
“መጋቢ ነኝ፣ እማዬ።”
“በስብሷል ወራጁ፤ ቀስ እያልህ፣ ጌታዬ።”

ምስማር አቀብላለሁ፤ እንየው ይመታል፤
አንዱን እኔ ሞከርሁ፤ ጣቴ ይመሰክራል።
የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲንሸራተት በቦታው
ፊቷ ጠፋ ከዓይኔ፣ ከነነጠላው፤
ከታች ድምፅዋ ብቻ፣ ቀጭን፣ በእፎይታ፦
“ጨለመ” አለች። “ተመስገን፣ የኔ ጌታ።”