ዘጠነኛው

ስምንቱ ይሸከማሉ፣
አንዱ ይቆጥራል።
በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ፣ ጣት በማታህል ሰሌዳ ላይ
ዘጠኝ ጥቁር ቺፕ በሰልፍ ተደርድሯል፤
ስምንቱ ዕዳና ቁጠባ፣ ስምና ቀን ያዝላሉ፣
ዘጠነኛው ባዶ እጁን ቆሞ የእነሱን ሸክም ያያል።

አውቀዋለሁ ይህን ሰው።
አሞራ ገደል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባ ሲጠጋ ከዳር፣
ስምንት ጎረምሳ መረብ ስቦ ጭቃው ጉልበቱን ሲደፍር፣
ላንቃሞ ብቻ ይቆም ነበር
ከአባ ኮዳዎቹ መሃል፣ እንደነሱ አንገቱን ሰብሮ፣
ቆሮሶውን በጣቱ፣ አምባዛውን በከንፈሩ ቆጥሮ።
«ይኼ ምን ይሠራል?» ይላል አዲስ የመጣ ሁሉ፣
«አይጎትት፣ አይበልት፣ ድርሻው ግን እኩል ነው ሙሉ!»
አባቴ፣ ከጎታቾቹ አንዱ፣ ሳቅ ብሎ ይመልሳል፦
«እሱ ባይኖር፣ ልጄ፣ ማታ ላይ ቢላ ይመዘዛል።»

እኔ ዛሬ
ከሐይቁ ሦስት መንደር ወዲህ፣ ከቁጠባ ማኅበሩ ቤት፣
ከኋላ ክፍል፣ ማራገቢያው እንደ ቀፎ ከሚጮኽበት፣
የማሽን ጠባቂ ነኝ።
ሰኞ ሰኞ ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ
ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጥላ ድረስ ሄዶ፣
ሐሜሶ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ብቅ ይላል ፊቱን አጥቁሮ፦
«ማሽንህን ምን ያዘው?» ሰዓቱን ሁለቴ ቆጥሮ።

«ዘጠነኛው ነው» አልኩት።
«የተነበበውን ሁሉ ይፈትሻል፤ ጎደሎ፣ ሙሉ ይላል፤
አንድ የነበረች ዜሮ ብትሆን ወደ ቦታዋ ይመልሳል።»
«ስንት ጊዜ ይበላል?»
«ከመቶ ሁለት።»
«ስንቴ ስህተት ያዘ?»
«አንዴ። አምና፣ በሐምሌ።»
ዝም አለ። «እና ለአንድ ሐምሌ ነው
ዓመቱን ሙሉ የምንሰለፈው? አጥፋው።»

አጠፋሁት። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።
ማሽኑ ቀለለው፤ ወይም የቀለለው መሰለኝ።
ሰልፉም አጠረ
(ለካ ያን ሰሞን ገንዘብ ከፋይዋ ከወሊድ ተመልሳ
ሁለተኛው መስኮት ተከፍቶ ነበረ)፤
እኛ ግን ምስጋናውን ለፍጥነት ሰጠን፤
ሐሜሶ ትከሻዬን መታ፣ ምሳ ጋበዘን።

ሦስት ሳምንት።
ከዚያ አንድ ሌሊት፣
ከታቦር ጀርባ፣ ወይ ከከዋክብት ወዲያ፣
ወይ ከዚሁ ከክፍሉ ሙቀት፣
ማን ያውቃል ከየት፣
አንዲት ቅንጣት መጣች፣ ከአቧራ የቀለለች፣
አንዲቱን አንድ ነካቻት፤ እሷም ዜሮ ሆነች።
ድምፅ የለም።
መብራት ብልጭ አላለም።
ማሽኑ ሐሰቱን እንደ እውነት
ፊቱ ሳይለወጥ ተሸከመ።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ዘነበች መጡ፣
ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡት፤ ደብተር ከመቀነታቸው አወጡ፦
«አሥራ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ብር
ጎድሎኛል።»
ቁጥሯን ስሰማ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።
ሁለትን አሥራ አራት ጊዜ ያባዛ ያውቃታል።
ሌባ እንዲህ አይሰርቅም፤
ሌባ ድፍን ቁጥር ይወዳል።

ገንዘብ ከፋይዋ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረች፤
«እማማ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም» አለች፣
ክፋት የለባትም፤ እንዲያ ነው የተማረች።
እሳቸው ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገጽ ገለጡ፤
እያንዳንዱ ብር ሁለቴ ተይዟል፦
አንዴ ልጃቸው በጻፈው ቁጥር፣
አንዴ በራሳቸው ጭረት፣ አምስት አምስቱ በገመድ ታስሮ።

ዘጠነኛው ለካ እሳቸው ነበሩ።

ማታ ብቻዬን ገብቼ መለስኩት ወደ ሥራው።
ሁሉን አያድንም፤ አውቃለሁ።
ሁለቱ አንድ ላይ ቢገለበጡ ማረሙን አይችልበትም፤
ይጮኻል ብቻ። ይቆማል። ማሽኑን ይዞ ይቆማል።
ላንቃሞም አንድ ቀን እንዲያ ሆኖ ነበር፦
ቆጠራው ሁለቴ ተፋልሶበት
የቱ ጋ እንደሆነ ጠፍቶት፣
ዓሣው ላይ ተቀመጠ።
«ዛሬ አይሸጥም» አለ፣
ፀሐይ እስክትዞር፣ ዝንብ እስኪወርሰው፣
ስምንቱም እየረገሙት።

ሰኞ ሰልፉ እስከ ባጃጆቹ ጥላ ደረሰ።
ሐሜሶ ብቅ አለ። ሰዓቱን አየ።
እኔን አየ።
ተመልሶ ገባ።