ጳጉሜ ሦስት፣ ገራዶ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቴ ላይ ተኝቷል፤
ትምህርት ቤቱ የጣለው ማይክሮስኮፕ ያለ ፀሐይ ታውሯል።
መስታወቱን ወደ ሆጤ ባዞር፣ ወደ አዝዋ ገደል ባዞር፣
ከነጭ በቀር የሚታይ የለም፤ ተቀመጥኩ ደቂቃ ስቆጥር።

ጦይባ ናት ያመጣቻት፣ ዘንድሮ ዘጠነኛ የምትገባ፣
በክኒን ብልቃጥ፣ በጥጥ አስተኝታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ደብቃ ገባ።
«ጋሼ ይመር፣ ተርብ ናት?» አለችኝ፣ ራቅ ብላ ቆማ።
«ክንፏን ቁጠሪ።» «ሁለት።» «ተርብስ?»
«አራት።» ፈገግ አለች፣ ሌላ ሳልጠይቃት ቀድማ።

ሰሟ ተርብ ነው፣ ወርቋ ዝንብ።
መርፌ የላትም፤ በተውሶ ቢጫ ጥለት ታፍራ የምታድር፣
ከባቄላ አበባ በላይ ስንዝር
አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም፣
ክንፏ ከፍጥነት ብዛት ጠፍቶ፣ እሷ ንቅንቅ ሳትል የምትከርም።

በእኛ አፍ ስም የላትም፤ ወይ እኔ አልሰማሁ ይሆናል።
የጦይባ አባት፣ አቶ ሙሄ፣ «ያቺ ተርብ» ይላታል፤
«ባቄላዬን ልትጨርስ!» ብሎ ዐምና መርዝ ረጭቶባታል።
ትሎቿ ክሽክሹን ሲለቅሙ፣ ቅጠል ለቅጠል ድኸው፣
ያለ ደመወዝ የገቡለት ዘበኞች ነበሩ፤
ምን ያድርግ፣ ማን አስተዋወቀው?

አምስት ሰዓት ላይ ጉሙ ሳሳ። በሙጫ የጠገንኩትን መለያ ቁልፍ ዘረጋሁ፦
አንድ፦ ዐይኗ ጠጉራም ከሆነ ወደ አራት፣ ካልሆነ ወደ ሁለት፤
ሁለት፦ ፊቷ ቢጫ ከሆነ ወደ ሰባት፤
ሰባት፦ ቀበቶዋ መሐሉ ካልተቆረጠ፣ ወደ አሥራ አንድ…
በቅመም ተራ ገብቶ በጨው ተራ እንደ መውጣት፣ እንደ ሰኞ ገበያ መንገድ።

አሥራ ሰባት ላይ ቆምኩ።
«ጭኗ ሙሉ ጥቁር» ይላል። አይደለም።
«ጭኗ ሙሉ ቢጫ» ይላል። አይደለም።
የእሷ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ቁልፉ ውስጥ ግማሽ የለም።
ሠላሳ ዓመት «ሁሉም ስም አለው» እያልኩ አስተማርኩ፤
አሁን ጣቴን አሥራ ሰባት ላይ እንዳሳረፍኩ ቀረሁ።

ክንፏን ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩ።
እዚያ አለች፣ በሥሮቹ መካከል፣ ቀጭን፣
ከየትም ያልተነሣች፣ ከማንም የማትገጥም፣
መጽሐፉ «ሐሰተኛ ሥር» የሚላት።
ልብሷ ሁሉ ውሸት፤
የወገኗ ማስረጃ ግን ይህችው «ሐሰተኛ» የተባለችው ናት።

ጻፍኩ፦ «ርዝመት፣ አሥራ አንድ ሚሊሜትር። ሴት፤
ዐይኖቿ ግንባሯ ላይ አይገናኙም። ወንድ አልተገኘም።
ሆዷ ላይ ሦስት ቢጫ መቀነት፤ ሁለተኛው መሐሉ የሳሳ፣
እንዳለቀ ሳሙና።» ይህ የጦይባ ቃል ነው፤ ሰረዝኩት፤
ከዚያ የተሻለ ስላጣሁ መልሼ ጻፍኩት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤
የዚህችኛዋ ግን ከሥር ነው፦ መርፌው በደረቷ ወርዶ ወረቀቷን ይወጋል።
ወረቀቷ ጥፍር ታህላለች፤ ጥቂት ቃል ነው የምትችል፦
ገራዶ፣ ደሴ። ባቄላ ላይ። ሰብሳቢ፣ ጦይባ ሙሄ።
ቀን፣ ፫። ወር…

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።
የዓለም ሰብሳቢዎች ወርን በቁጥር ይጽፋሉ፤ ከአሥራ ሁለት አያልፉም።
ጳጉሜ ከነሐሴም አይደለች፣ ከመስከረምም።
«ሴፕቴምበር ስምንት» ልበለው? ማን ያውቅብኛል?
ጦይባ በትከሻዬ አሻግራ አየች፦
«ኧረ ጋሼ፣ ጳጉሜ ነበር! ሰማዩ ጠቁሮ፣
የሰፈሩ ልጅ የሩፋኤልን ዝናብ ሊጠመቅ ሲጠብቅ እኮ ነው የያዝኳት።»

፲፫ ብዬ ጻፍኩ። ማን ይመልሰው እንደሆነ እናያለን።

«ስሟስ?»
«አንቺ አውጪላት።»
ብልቃጡን አገላበጠች፣ ባዶውን።
«እስከ ሰኞ ላስብበት» አለች።
ጉሙም ተመለሰና መስታወቱ ነጭ ሆነ።