የድንጋይ ሽበት

የሽቦ ብሩሽ፣ ባልዲ፣ የአንድ እጅ ጓንት ሰጡኝ፤
ግንቡ ቆሽሿል ብለው ቁስቋም ድረስ አወጡኝ።
በቀን ሰማንያ ብር። ሌላው ሰማንያዬ
ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ፣ ሁመራ ቀረ፣ ከነፊርማዬ።

ሐምሌ ሊገባ ነው። ቀርቤ ሳየው
እድፍ ያልኩት ነገር ጠርዝ አለው፣ ቅርጽ አለው፦
አንዱ እንደ አመድ ግራጫ፣
አንዱ እንደ እርድ ቢጫ፣
ሌላው ዳር ዳሩ ተሸንሽኖ፣
እንደ ደረቀ ቅጠል ስንጥቅ ላይ ተከድኖ።
አንዴ ፋቅሁት። ዱቄት ወጣ። ሽታው የዝናብ ዋዜማ።
ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፣ ያልተቆጣ፣ ግን የማይስማማ፦
«ቆዪማ።»

አዛናው ነው፣ ግንበኛው። ኖራ በበላው መዳፉ
ፍርፋሪውን ሰበሰበ፣ እፍ አለ አቧራውን በአፉ።
«ይህ የድንጋይ ሽበት ነው። ስንት ዓመቱ ይመስልሻል?
የኔ ጥፍር በሳምንት የሚያድገውን፣ እሱ በዓመት ያድጋል።
ይቺ ሰሃን የምታህል ከነጥብ ስትነሣ
አያቴ አንቀልባ ላይ ነበር። አሁን ስሙን ማን ያነሣ?»

ከዚያ ስሜን ጠየቀኝ። «እንጉዳይ» ስለው ሳቀ፤
ብሩሼን ከእጄ ወስዶ በእግሩ ወዲያ አራቀ።
«እንግዲያ ዘመድሽ ነዋ! ልጄ በደብተሯ አሳየችኝ፤
ሃምሳ ዓመት አብሬው ስኖር ምንነቱን ማን ነገረኝ?
እንጉዳይዋ ቤት ትሠራለች፣ ግድግዳና ጣራውን፤
ዋቅላሚው፣ ያ የኩሬው አረንጓዴ፣ ከፀሐይ ያበስላል ራታቸውን።
ያለ ሰማንያ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጥሎሽ፤
ከሁለት አንዱ ቢቀር ሁለቱም የሉም። ገባሽ?»

ገብቶኛል።
አንዱ ሄዶ አንዱ ሲቀር ምን እንደሚባል ግን
አልጠየቅሁም።

ብሩሹ የወጋው ጣቴ ደም አንጠበጠበ፤
ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ጢም የመሰለ ነገር ሰበሰበ።
«ይሄ ወንድሙ ነው፣ የዛፍ ሽበት» አለ። ስቦ ሲበጥሰው
መሐሉ ላይ ነጭ ክር አለው፣ እንደ ጅማት፣ እንደ ሰው።
በጣቴ ጠቀለለው። እናቱ ለከብትም ለሰውም ታስር ነበር በሱ።
«የዳኑ አሉ» አለኝ። «ያልዳኑትም አይረሱ።
ጢስ ግን አይችልም። ባጃጅ የሚሰለፍበት
ፒያሳ ያለውን ዛፍ እዪው፤ አንድም የለበት ሽበት።
እዚያ የሚሸብተው ሰው ነው።»

በምዕራብ የፈረሰው በአዲስ ድንጋይ ተጠግኗል፤
ለሐዘን እንደ ተላጨ ራስ ባዶነቱ ያስታውቃል።
አዛናው ይሄ ያሳፍረዋል። ፍርፋሪውን ይደቁሳል፣
በቆርቆሮ ባመጣው አሬራ ይለውሳል፣
በአሮጌ የቀለም ብሩሽ፣ ጎንበስ ብሎ፣
አዲሱን ድንጋይ ይቀባዋል፣ እንደ ቁስል አባብሎ።
«መዝራት ነው የኔ፤ ማብቀል አላውቅም።»
«ስንተኛ ክረምትህ ነው?» «ዘጠኝ።» «በቀለ?» «አይ፣ የለም።»
ቆይቶ፣ ከሰሜን በኩል፣ ፀሐይ ከማትደርስበት፣
የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነጥብ አሳየኝ፤ ተንበረከክሁ ለማየት።
«ምናልባት» አለ። «ወይ ነፋስ ያመጣት ትሆናለች።»

ማታ ተቆጣጣሪው መጣ። ባልዲውን ግንቡ ላይ ደፋሁ፣
የታጠበ እንዲመስል። ሙያዬ አይደለም፣ ግን ዋሸሁ።
ውኃው ሲነካው ያ አመድ፣ ያ የሞተ የሚመስለው፣
ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነ። ሰውዬው «ምንድን ነው?» አለው፣
ግንቡን። እኔን አልነበረም።

የዚያን ቀን ተከፈለኝ። በማግስቱ አልተጠራሁም።
ቅዳሜ ቅዳሜ አሬራ ይዤ እወጣለሁ፤ ማንም አልቀጠረኝም።
ጣቴ ድኗል። ያ ነጥብ ያኔ የጤፍ ቅንጣት ነበረ፤
ዛሬም የጤፍ ቅንጣት ነው። አዛናው ግን ይላል፦ «ጨመረ።»