ማጠፊያ

ሞጣ ገበያ ላይ ሲያብረቀርቅ አይቼ
ማጠፊያ ገዛሁኝ፣ የበሩን ክብደት ረስቼ።
በሩ ያባቴ ነው፣ ድፍን ወይራ፣ ከባድ፤
ሐምሌ ሳይጋመስ ዘመመ ወደ መንገድ።

በሬ ጭቃ አረሰ፣ ያለ ሞፈር ቀንበር፤
ውባለም ስትከፍተው በትከሻዋ ነበር።

አበጀ ቀጥቃጩ መጥቶ ዝም ብሎ፣
ዋጋ ሳይናገር በሩን መዘነው አዝሎ።
«ብረት በዓይን አይገዛም፣ በጀርባ ነው» አለ፤
ለሦስት ረጅም ክንድ ከሰል አቀጣጠለ።
ሁለቱን ወደ ላይ፣ አንዱን ከታች ሰካ፤
ክብደት የሚጎትት ካናቱ ነው ለካ!

«እሱ ይታጠፍ» አለኝ፣ «ሥራው ነው ቀን ከሌት፤
አንተ ቃል አትጠፍ፣ ጤፌ አለ እዚህ ቤት።»

ኅዳር ገባ። ጤፉ ገና አልተወቃ፤
ውባለም ባንድ ጣት ስትከፍተው
ሲጥ ይላል በሩ፣
ዕዳዬ ሲነቃ።