እርሳስ በሰው ወንበር

ሉክ የን ላይ ገበያው በጧት ይዘረጋል፣
በየነጭ ሳህኑ ድንጋይ ይደረጋል፤
ኖንግ ቲ ኤን ግን ዛሬ አንዲቷን አልሸጠች፣
ያቺን ወይን ጠጅ ጠብታ ለዓይን እንኳ አልሰጠች።
ከጠረጴዛዋ ሥር አዲስ በርጩማ አለ፣
ቀርከሃው ያልደረቀ፣ ማንንም ያላዘለ።

ኪየን መጣ ከሃኖይ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣
አምና የወሰዳትን ፍንካች መዝኖ፣ ቆጥሮ፣ አጥንቶ።
ወረቀት ዘርግቶ ሣለ፦
"ስድስት ሲሊከን፣ እማማ፣ በኦክስጅን ተያይዘዋል፣
ክብ ሠርተው ቆመዋል፤
ከክቡ አናት ላይ አንዲት ሰፊ ወንበር አለች፣
ለሶዲየም ትሆናለች፣ ለካልሲየም ትሆናለች፣
አንዳንዴም ማንም ሳይመጣ ባዶዋን ትኖራለች።
የእርስዎ ድንጋይ ግን . . ."
ዝም አለ፤ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣
አንዲት ጥቁር ነጥብ ወንበሯ ላይ ወለደ።
"እርሳስ ነው።"
በነሱም አፍ እንደኛው፣ ማዕድኑና መጻፊያው
አንድ ስም ነው መጠሪያው።

"የጥይቱ? መረብ አስምጦ ወንዝ ሥር የሚያስቀምጠው?"
"እሱው።"
"ታዲያ ያን ሁሉ ክብደት ወንበሯ እንዴት ተሸከመች?"
"ቤቷ ጥቂት ተለጠጠች፤ ቻለች።"
"ማን አስገባው?"
"እንጃ። ድንጋዩ ሲያድግ፣
እሱ ሳይሆን አይቀርም የቆመው ከደጅ።"
"ቀለሟስ ከሱ ነው?"
"የለም፣ ከማንጋኒዝ ነው። እሱ ቀለም የለው፣
ዝም ብሎ ነው ያለው።"
"ዋጋ ይጨምራል?"
"ለገዢ ምንም አይል። ለኔ ግን እንቅልፍ ይነሣል።"

ዝም አለች ኖንግ ቲ ኤን።
ባሏን ከእብነ በረዱ ሥር ጉድጓድ ከዋጠው ሰባት ክረምት፤
መቀመጫው ምድጃ ዳር፣ የነካው የለም፣ በስህተት።
ዘንድሮ በጎርፉ ማግሥት፣ ከወንዙ ቁልቁል፣ ከማታውቀው ቤት፣
የባሏ ልጅ መጣ፣ ፓኦ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት፣
ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ዓይኑን ከእሳት ላይ የተከለ፤
ሳይፈቀድለት ተቀመጠ፤ እንጨቱ አንዴ ሲጥ አለ።
"ተነሥ" ልትለው ነበር፤ ቃሉ ሦስት ወር ጥርሷ ላይ አደረ፣
ሩዙን ግን ጨልፋ ትሰጠው ነበረ።

ኪየን ቆሞ ነው ያለው፣ ደብተሩ በክንዱ ላይ።
ጎንበስ አለች፤ ሳበችው አዲሱን ቀርከሃ ወደ ፀሐይ።
"ተቀመጥበት፤ ስትሄድም ይዘኸው ሂድ" አለች፣ "እንካ፤
ላስቀምጥበት ያልኩት ሰው፣ መቀመጫ አለው ለካ።"